ገዳዩ ታውቆ ከፋዩ የጠፋበት ደም

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም

ከሙግት ሁሉ አስቸጋሪው ባለዕዳው «አልከፍልም» ብሎ የተነሳበት ሙግት ይመስለን ይሆናል። እምቢ ያለን ሰው ግን ሽማግሌ ይመክረዋል፤ ቃዲ ይፈርድበታል፤ ንብረቱም ተይዞ ሐቁ ለባለቤቱ ይሰጣል። የባሰው ሌላ ነው። ተበዳዩ አለ፤ በደሉም በሐኪም ወረቀት ተረጋግጧል፤ ዳኛውም ለመፍረድ ተቀምጧል፤ ከፋዩ ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን የሚያውቅ ይጠፋል።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፋችን የምናነሳው በእንግሊዝ አገር በሺህ የሚቆጠሩ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው የወደቁበትን እንዲህ ያለ ችግር ነው። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስልም በውስጡ ሸሪዓችን ከ1400 ዓመት በፊት የፈረደበት ጥያቄ አለ፤ ለእኛም ቤተሰቦች የሚሆን ትምህርት አለው። የምንጠቅሳቸው ዘመኖች፣ ሌላ ካላልን በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እናሳውቃለን።

ክር የሚሆነው ድንጋይ

አስቤስቶስ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ማዕድን ነው። ሌላው ድንጋይ ሲፈጩት ዱቄት ይሆናል፤ ይህኛው ግን እንደ ጥጥ ወደ ቀጫጭን ክር ይዘረዘራል። እሳት አያቃጥለውም፤ ሙቀት አያሳልፍም፤ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ ኢንዱስትሪ እንደ ትልቅ ሲሳይ ተቀበለው። በመርከቦች ሞተር ክፍል የእንፋሎት ቱቦዎች ተጠቀለሉበት፤ የኃይል ማመንጫ ማሞቂያዎች ተለበጡበት፤ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ የጣሪያ ክዳንና የውሃ ቱቦ ሆነ፤ በመኪና ፍሬን ሸራ ውስጥ ገባ፤ ተፈትሎና ተሸምኖም እሳት የማይበላው ጨርቅ ወጣው።

ጉዳቱ ያለው በብናኙ ነው። ዓይን የማያያቸው ደቃቅ ክሮች ከአየር ጋር ተስበው ሳንባ ውስጥ ይገባሉ፤ ከገቡም በኋላ ሰውነት ሊያወጣቸው ወይም ሊያሟሟቸው አይችልም። ከዚህ የተነሳ የሚመጡ በሽታዎች ብዙ ናቸው። አንደኛው አስቤስቶሲስ ይባላል፤ ሳንባን እያጠበሰ ጠባሳውን የሚያደነድን፣ ትንፋሽንም ቀስ በቀስ የሚያሳጥር ደዌ ነው። ሁለተኛው የሳንባ ካንሰር ነው። ሦስተኛውና እጅግ አስፈሪው ሜሶቴሊዮማ ሲሆን፣ ሳንባንና የሆድ ዕቃን በሸፈነው ስስ ልባስ ላይ የሚነሳ ካንሰር ነው። ከታወቀ በኋላ አብዛኞቹ ሕሙማን ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይቆዩም። የዓለም ጤና ድርጅት በሥራ ቦታ በሚገኝ አስቤስቶስ ምክንያት በየዓመቱ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ ይገምታል።

የሜሶቴሊዮማ ልዩ ጠባዩ ትዕግሥቱ ነው። ብናኙ ከተሳበ በኋላ 20፣ 30፣ 40፣ አንዳንዴም 50 ዓመት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጣል። ለመነሳትም ረጅም የሥራ ዘመን አይጠይቅም። አሊስ ጀፈርሰን የተባለች እንግሊዛዊት በ17 ዓመቷ በዮርክሽየር በሚገኝ የአስቤስቶስ ፋብሪካ ውስጥ የሠራችው 9 ወር ብቻ ነበር። በሽታው ያገኛት 30 ዓመት ያህል ቆይቶ ነው፤ በ47 ዓመቷም ሞተች። ታሪኳ በ1982 በቴሌቪዥን ሲቀርብ አገሩን ሁሉ አስደንግጧል።

አላወቅንም ማለት አይቻልም

ጉዳቱ ዘግይቶ የታወቀ ነው እንዳይባል መዝገቡ ይመሰክራል። በሰሜን እንግሊዝ ሮችዴል በተባለች ከተማ ኔሊ ከርሾው የተባለች ወጣት ተርነር ብራዘርስ በተባለው ድርጅት የአስቤስቶስ ክር ትፈትል ነበር። ሳንባዋ ታመመና ሥራዋን አቆመች፤ ሐኪሟም የሕመሙ መንስኤ አስቤስቶስ መሆኑን ጻፈላት። ድርጅቱ ግን ኃላፊነቱን አልቀበልም አለ፤ ካሳም አልከፈለም። መጋቢት 14 ቀን 1924 በ33 ዓመቷ አረፈች። ዊልያም ኩክ የተባሉ ሐኪም ሳንባዋን መርምረው በዚያው ዓመት በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙት። ከዚያም መንግሥት ጥናት አስጠንቶ ሪፖርቱ በ1930 ወጣ፤ በ1931 ደግሞ ብናኝን የሚቆጣጠር ደንብ ታወጀ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ግን አገሪቱ አስቤስቶስን ለአሥርት ዓመታት በብዛት ተጠቀመች። ሰማያዊውና ቡናማው ዓይነት የተከለከለው በ1985፣ ነጩ ደግሞ በ1999 ነው። በመካከሉ የሠሩት ቱቦ ሠሪዎች፣ አናጢዎች፣ የመርከብ ግንበኞች፣ መካኒኮችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች የተሳቡት ብናኝ ቀኑን ጠብቆ ይነሳባቸው ጀመር። ዛሬም በብሪታንያ በሜሶቴሊዮማ ብቻ በየዓመቱ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

በሽታው ሲነሳ ፋብሪካው የለም

በእንግሊዝ ሕግ አሠሪው በቸልተኝነቱ ሠራተኛውን ለጉዳት ከዳረገ ካሳ መክፈል አለበት። አሁን በሕጉ መሠረት የሚሄድ አንድ በሽተኛን እናስብ። በ1960ዎቹ በወጣትነቱ በአንድ አነስተኛ የማሞቂያ ጠጋኝ ድርጅት ተቀጥሮ ሦስት ዓመት ሠርቷል። ሐኪም በሽታውን ሲነግረው ዕድሜው 70 አልፏል። አሠሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ድርጅቱ ከተዘጋ 40 ዓመት ሆኖታል፤ ቦታው ላይ ገበያ አዳራሽ ተሠርቷል። ማንን ይክሰስ?

ሕጉ ለዚህም መንገድ አበጅቶ ነበር። በ1930 የወጣ አዋጅ አሠሪው የከሰረበት ተጎጂ የአሠሪውን ኢንሹራንስ እንዲጠይቅ ይፈቅድለታል። ድርጅት ቢሞትም የገባው የመድን ውል አይሞትም ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይጠቀለላል፤ ያ ድርጅት በዚያ ዓመት መድን የገባው ከየትኛው ኩባንያ ጋር ነበር?

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው መድን እንዲገቡ የሚያስገድደው አዋጅ የወጣው በ1969 ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1 ቀን 1972 ጀምሮ ነው። ከዚያ በፊት የፈለገ ይገባ ነበር፤ ያልፈለገም ይተው ነበር። የገቡትም ቢሆኑ ውሉን የጻፉበት ወረቀት ቢሮው ሲዘጋ ተቃጠለ፤ ወይም ለጨረታ በወጣው ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ሄደ። የመድን ኩባንያዎቹም እርስ በርስ ተገዛዙ፤ ስማቸው ተለወጠ፤ የድሮ መዝገባቸውም ተጣለ። የመርከብ ግንባታና የከባድ ኢንዱስትሪ ድርጅቶችን ይዞ የነበረው ቼስተር ስትሪት የተባለው መድን ሰጪ ደግሞ በጥር 2001 ራሱ ከሰረ።

አሠሪዎች የመድን ምስክር ወረቀታቸውን ለ40 ዓመት እንዲያስቀምጡ የሚያዝ ደንብ የወጣው ከ1999 ጀምሮ ሲሆን፣ እርሱም በ2008 ተሻረ። በሽታው 40 ዓመት ይጠብቃል፤ ወረቀቱን ግን 40 ዓመት የሚጠብቅለት ሰው አልተገኘም።

በዚህ ውስጥ የእምነት ወንድሞቻችንም ድርሻ አለ። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የየመንና የሶማሌ ሙስሊሞች በካርዲፍ፣ በሳውዝ ሺልድስና በሊቨርፑል ወደቦች እየተቀጠሩ በእንግሊዝ መርከቦች ማሞቂያ ክፍል ከሰል ሲጭሩ ኖረዋል። የመርከብ ማሞቂያና ቱቦ ደግሞ በአስቤስቶስ የሚጠቀለል ነበር። ከመርከብ ወደ መርከብ፣ ከኩባንያ ወደ ኩባንያ እየተዘዋወረ ለሠራ፣ የዐረብኛ ስሙም ጸሐፊው እንደሰማው ለተመዘገበለት ሰው፣ ከ40 ዓመት በኋላ የአሠሪውን መድን ፈልግ ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አንባቢ ይገምተው።

ዘግይቶ የመጣው መፍትሔ

ተጎጂዎች፣ መበለቶቻቸውና የሠራተኛ ማኅበራት ለረጅም ዓመታት ጮኹ። በመጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ «እንፈልግላችኋለን» የሚል ነበር። የመድን ኩባንያዎች በ1999 በፈቃዳቸው የፍለጋ ደንብ አወጡ፤ በ2011 ደግሞ የድሮ ውሎችን በአንድ ቋት የሚሰበስብ የፍለጋ ቢሮ አቋቋሙ። ብዙዎች በዚህ ተጠቅመዋል። የጠፋው ወረቀት ግን ቢሮ ስለተቋቋመ አይመለስም፤ ያልተገኘላቸው ሰዎች አሁንም ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

በመጨረሻ መንግሥት ሐምሌ 25 ቀን 2012 አዲስ ሐሳብ ይዞ ቀረበ፤ እርሱም ጥር 30 ቀን 2014 የሜሶቴሊዮማ አዋጅ ሆኖ ጸደቀ። የአዋጁ ፍሬ ነገር እንዲህ ነው። በሽተኛው በሥራ ላይ በአሠሪው ጥፋት እንደተጎዳ ካሳየ፣ አሠሪውና መድኑ ግን ካልተገኙ፣ ካሳው ከጋራ ፈንድ ይከፈለዋል። ፈንዱን የሚሞሉት ዛሬ በአሠሪዎች መድን ንግድ ላይ ያሉት ኩባንያዎች በሙሉ ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በገበያው ባላቸው ድርሻ መጠን ያዋጣሉ። መጀመሪያ ክፍያው በፍርድ ቤት ከሚገኘው አማካይ ካሳ 80 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከየካቲት 2015 ጀምሮ ወደ 100 በመቶ ከፍ ብሏል።

ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ከበሩ ውጭ የቀሩት ብዙ ናቸው። አንደኛ፣ በሽታው ከሐምሌ 25 ቀን 2012 በፊት የታወቀበት ሰው በዚህ ፈንድ አይካተትም። በዋዜማው የተነገረውና በማግስቱ የተነገረው አንድ ዓይነት ብናኝ፣ አንድ ዓይነት ሞት ኖሯቸው ካሳቸው ግን ተለያየ። ሁለተኛ፣ አዋጁ ሜሶቴሊዮማን ብቻ ይመለከታል። በአስቤስቶሲስ ትንፋሹ ያጠረ ወይም በአስቤስቶስ ምክንያት የሳንባ ካንሰር የያዘው ሠራተኛ የአሠሪው መድን ካልተገኘ ከዚህ ፈንድ አያገኝም። ከ1979 ጀምሮ አሠሪያቸው ለጠፋባቸው የብናኝ በሽተኞች መንግሥት የሚሰጠው የአንድ ጊዜ ክፍያ አለ፤ ነገር ግን በፍርድ ቤት ከሚገኘው ሙሉ ካሳ ያንሳል።

ሦስተኛዎቹ እናቶች ናቸው። ባልዋ ከሥራ ሲመለስ ነጭ ብናኝ የለበሰውን ቱታ ተቀብላ አራግፋ ያጠበች ሚስት፣ አባቷን እደጅ ሮጣ ያቀፈች ልጅ፣ ፋብሪካ ሳይገቡ በዚሁ በሽታ ሞተዋል። እነርሱ ተቀጣሪዎች ስላልነበሩ በ2014ቱ አዋጅ አይካተቱም። ሜሶቴሊዮማ ለያዛቸው ከ2008 ጀምሮ አነስተኛ የመንግሥት ክፍያ ተፈቅዷል።

ሸሪዓችን ምን ይላል?

በኢስላም ታሪክ ውስጥ ከፋዩ ያልታወቀ ደም ጉዳይ በአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ፊት ቀርቦ ያውቃል። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት ዐብዱሏህ ኢብን ሰህል (ረ.ዐ) የተባለ የመዲና ሰው ወደ ኸይበር ሄዶ ተገድሎ ተገኘ። ዘመዶቹ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው ከሰሱ። ምስክር ግን አልነበራቸውም፤ ያላዩትንም ነገር መማል አልፈቀዱም፤ የተጠረጠሩትንም ሰዎች መሐላ አልተቀበሉም። በዚህ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ገዳዩ አልታወቀምና ደሙ ይቅር አላሉም። ደሙ ከንቱ ሆኖ መቅረቱን ጠልተው ራሳቸው 100 ግመል ዲያ ለቤተሰቦቹ ሰጡ። በአንዳንዱ ዘገባ ግመሎቹ ከሰደቃ ግመሎች መካከል ነበሩ።

ከዚህ በመነሳት ከፉቀሃዎች ከፊሎቹ በግርግር መካከል የሞተና ገዳዩ ያልታወቀ ሰው ዲያው ከበይተል ማል ይከፈላል ብለዋል። እንዲሁም በስህተት የተፈጸመ ግድያ ሲሆን ዲያውን ገዳዩ ብቻውን እንዳይሸከመው፣ የሟቹም ቤተሰብ ገዳዩ ድሃ በመሆኑ እንዳይቀርበት፣ ዓቂላ የተባሉት የገዳዩ ወገኖች ተካፍለው ይከፍላሉ።

እኛ እዚህ ላይ ፈትዋ አንሰጥም። የእንግሊዝ አዋጅ ሸሪዓ ነው ለማለትም አይደለም። የንግድ መድንን በተመለከተም የዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ በ1985 ጂዳ ላይ ባሳለፈው ውሳኔ ሐራም መሆኑን ገልጾ በመረዳዳት ላይ የቆመውን መድን የፈቀደ መሆኑ ይታወቃል። ልንል የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የተበዳዩ ሐቅ ከተረጋገጠ የከፋዩ መጥፋት ሐቁን አያጠፋውም። ኃላፊነቱ ወደ ወገን፣ ከዚያም ወደ ማኅበረሰብ ይተላለፋል እንጂ በሟቹ ልጆች ጫንቃ ላይ አይወድቅም። እንግሊዞች በ2014 የደረሱበት ሐሳብ ከዚህ መሠረት ጋር የሚቀራረብ ነው። በቀን ቆጠራና በበሽታ ዓይነት የተለዩት ሰዎች ጉዳይ ግን በዚሁ ሚዛን ሲታይ ገና ያልተዘጋ ሐቅ ነው።

ሁለተኛው የሸሪዓ ትምህርት ስለ ወረቀት ነው። በመድረሳ ሱረቱል በቀራን ስናስተምር ተማሪዎች የሚደነቁበት ነገር አለ። በቁርአን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ፣ 282ኛው፣ ስለ ሶላት ወይም ስለ ጾም ሳይሆን ስለ ዕዳ መጻፍ የወረደ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ትንሽ ነው ትልቅ ነው ተብሎም መጻፉ እንዳይሰለች አዟል። በእንግሊዝ የሆነውን ያየ ሰው የዚህ ትዕዛዝ ጥበብ ይገባዋል። እነዚያ በሽተኞች የተረቱት ሐሰተኛ ሆነው አይደለም፤ የዛሬ 40 ዓመት አንድ ገጽ ወረቀት ያስቀመጠላቸው ስላልነበረ ነው።

ለአሠሪውም ማስጠንቀቂያው ከባድ ነው። ቡኻሪ በዘገቡት ሐዲሰል ቁድሲ አላህ በቂያማ ቀን ባላጋራ ከሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች አንዱ ሠራተኛ ቀጥሮ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ከተቀበለ በኋላ ዋጋውን ያልሰጠ ሰው ነው። ደመወዝ የነሳ ሰው እንዲህ ከተባለ፣ የሠራተኛውን ሳንባ የነሳው ምን እንደሚባል ለራሱ ይፍረድ። በዱንያ መዝገቡ ቢጠፋ በአኺራ የሚጠፋ መዝገብ የለም።

እኛስ?

በአገራችንም ሆነ በየዐረብ አገሩ የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ብናኝ የበዛበት ሥራ ላይ የተሰማራው ወጣት ብዙ ነው። አስቤስቶስን ያልከለከሉ አገሮችም ዛሬ ድረስ አሉ። ስለዚህ የሚከተሉትን ነገሮች በየቤታችን ብንተገብር መልካም ነው እንላለን።

በመጀመሪያ ሰበቡን እናድርስ። ጋራዥ የሚሠራ ወጣት አሮጌ የፍሬን ሸራና ከበሮ ሲያጸዳ ብናኙን በአየር ግፊት ወይም በአፉ አይንፋው፤ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረገው። አሮጌ ሕንፃ የሚያፈርሱ ሰዎች የሲሚንቶ ክዳንና የቱቦ ሽፋን ከመንካታቸው በፊት ከምን እንደተሠራ ይጠይቁ፤ አስቤስቶስ ካለበት ልምዱና መሣሪያው ላለው ባለሙያ ይተዉት። የሥራ ልብስ ከሥራ ቦታ ወደ ቤት አይምጣ፤ ከመጣም ከልጆች ልብስ ጋር አይታጠብ፤ ደርቆ ሳለም አይራገፍ። አስቤስቶስ የነካው ሠራተኛ ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ የሳንባ ካንሰር አደጋው እጅግ ስለሚበዛ ማጨሱን ይተው።

ቀጥሎ ወረቀታችንን እንጠብቅ። የቅጥር ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ የጡረታ መለያ ቁጥር፣ የሕክምና ካርድ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጡ። በ2011 ዓ.ል. በአገራችን አቆጣጠር የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ምክንያት የሚመጣን በሽታ እንደ ሥራ አደጋ ሁሉ የሥራ ላይ ጉዳት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሠራተኛው ሥራውን ሲለቅ ምን ሥራ እንደሠራ፣ ለስንት ጊዜ እንደሠራና ምን ያህል ይከፈለው እንደነበር የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ እንዲሰጠው አሠሪውን ያስገድዳል። ይህን ወረቀት «ምን ያደርግልኛል» ብሎ ሳይቀበል የሚሄድ ብዙ ነው፤ ተቀብሎ ያስቀምጠው። ወደ ውጭ የሚሄድም የውሉን ቅጂ ቤተሰቡ ዘንድ ይተው።

በመጨረሻም እንነጋገር። አባት በወጣትነቱ የት እንደሠራ፣ የአሠሪው ስም ማን እንደነበር፣ አብረውት የሠሩት እነማን እንደሆኑ፣ ምን ዓይነት ብናኝ እንደነበረ ለልጆቹ ይንገር፤ ልጆቹም ይጻፉት። በሽታ ሲመጣ ሐኪሙ ከሁሉ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ዳኛውም እንዲሁ። የሥራ ባልደረባ ምስክርነት ጠፍቶ የነበረን ሐቅ ሊመልስ ይችላልና፣ የተጠየቀ ሰውም ምስክርነቱን አይደብቅ። ያው የበቀራ አንቀጽ ምስክሮች በተጠሩ ጊዜ እምቢ እንዳይሉ ያዛልና።

ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ሙስሊም ነጋዴዎችና ባለ ድርጅቶች ደግሞ ከዚህ በላይ ይጠበቅባቸዋል። የሠራተኛውን ስም፣ የሠራበትን ዘመንና የነካውን ነገር የያዘው መዝገብ አማና ነው። ድርጅቱ ቢሸጥ ወይም ቢዘጋ እንኳ መዝገቡ ለሚረከብ አካል ይተላለፍ እንጂ ከቆሻሻ ጋር አይጣል።

አላህ (ሱ.ወ) የታመሙትን ያሽርልን፤ ሐቃቸው ለተወሰደባቸው ሐቃቸውን ይመልስላቸው፤ እኛንም የሰው አማና ከሚያባክኑት አያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።